በቀትር የሚጠራ ስም

የእድራችንን ዶሜይን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ይህን ስናገር ግማሹ ሰው «ምን?» ይለኛል፤ ግማሹ ደግሞ ዋይፋይ ልሠራለት የመጣሁ ይመስለዋል። ስለዚህ አሳጥሬ ላስረዳ። መሳለሚያ አጠገብ ያለው መረዳጃ እድራችን አራት መቶ ሠላሳ ቤተሰብ አለው። አብዛኛው የወሎ ሰው ነው፤ የቀረው ስልጤና ጉራጌ፣ ሁሉም ከበርበሬ በረንዳ እስከ ሶማሌ ተራ ይነግዳል። እድሩ ኢንተርኔት ላይ የራሱ ስም አለው፤ ዶሜይን የሚባለው እሱ ነው። ከዚያ ስም ፊት የአንድ አባል ስም ብትጨምሩ የዚያ ቤት ገጽ ይከፈታል፦ ስልኩ፣ የተረኝነት ቀኑ፣ ድንኳንና ወንበር የሚጠይቅበት ቦታ። ስሞቹን ማስገባት፣ ማውጣት፣ ሱቅ ሲዛወር ወደ አዲሱ ማዞር፣ ዋናውን ስም በየዓመቱ ማሳደስ፣ ሥራዬ ይኸው ነው። ዝርዝሬ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ያላወጣኋቸው ሁለት መስመሮች አሉ። የነሱን ነገር ነው የምነግራችሁ።

ሰነፍ አይደለሁም፤ ንዝንዝ ግን አልወድም። እድርተኛ ደግሞ ሲነዘንዝ አይጣል ነው። ጠዋት የተመዘገበ ሰው ከሰዓት ገጹ ካልተከፈተለት «እኔ ስሞትም እንዲሁ ልትረሱኝ ነው?» እያለ ቢሮ ይመጣል። እናም አንድ አቋራጭ ተጠቀምኩ፤ በስም ቦታ የኮከብ ምልክት ማስቀመጥ። ኮከቡ ካለ ማንም ሰው የፈለገውን ስም ቢጠራ፣ ስሙ ይመዝገብ አይመዝገብ፣ ሰርቨሩ፣ ስሞቹን የያዘው ኮምፒውተር፣ «አለሁ» ብሎ ይመልሳል። ስም በስም እየለቀምኩ ከማስገባት ተገላገልኩ።

የእድሩ ጸሐፊ ጋሼ ሐምዱ ይባላሉ። ሁሉም ሰው ስልክ ከመያዙ በፊት ጡሩምባ ነፊ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ በየሰፈሩ እየዞሩ የሞተ ሰው ስም ሲጠሩ ኖረዋል። ኮከቡ ምን እንደሚሠራ ሳስረዳቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማን እንደጠራው ሳያጣራ ለሁሉም አቤት ይላል?»

«አዎ ጋሼ።»

«በመጀመሪያው ጥሪ?»

«ሰከንድ አይፈጅበትም!» አልኳቸው በኩራት።

«በቀትርም?»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም።

«ራዲያ፣ እናትሽ አልነገረችሽም? በቀትር ስምሽን ቢጠሩሽ ዝም በይ። ሰው ከሆነ መልስ ባያገኝም ሦስቴ ይጠራል። ያኛው ግን መልስ ካጣ ይሄዳል። የሚመለሰው አቤት ወዳለው ብቻ ነው። የመጀመሪያው አቤት ቤትሽን ያሳየዋል፣ ሁለተኛው በር ይከፍትለታል...» ሦስተኛውን ሳይናገሩ መነጽራቸውን አጠለቁ።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተር እኮ ነፍስ የለውም። ምኑን ይወስዱታል?»

«እሱን አይደለም የሚወስዱት» አሉና ወደ ሶላታቸው ሄዱ።

ቀኑን ሙሉ ተናደድኩ። አራት ዓመት ኔትወርክ የተማርኩት በቀትር ጋኔን ልገመገም ነው?

እናቴ ምስራ በርበሬ በረንዳ አርባ ዓመት በርበሬ ሸጣለች። ከጎኗ ካሚላ አለች፤ እሷም በርበሬ ሻጭ ናት። በበረንዳው አንድ ደንብ አለ። ካሚላ ለሶላት ወይም ለምሳ ወጣ ስትል ደንበኛ መጥቶ «ካሚላ!» ብሎ ቢጣራ፣ እማ ናት «አቤት! እኔ አለሁላት!» የምትለው። ከካሚላ ጆንያ መዝና፣ ሸጣ፣ ብሩን በካሚላ ሳጥን ታስቀምጣለች። እማ ስትሄድ ደግሞ ካሚላ እንዲሁ ታደርጋለች። «እኔ አለሁላት» የሚባለው ባለቤቷ ቆይታ የምትመለስ ከሆነ ነው። ተዘግቶ ለቀረ ሱቅ ማንም እንዲህ አይልም።

ታናሽ ወንድሜ ፉርቃን የሄደው ከሰባት ዓመት በፊት ነው፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ በጅቡቲ በኩል፣ በባሕር። ጀልባ ከመሳፈሩ በፊት አንድ መልእክት ላከልን። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። አብረውት ከሄዱት ሁለቱ መሞታቸው ተረድቶ ድንኳን ተተከለላቸው። የእኛ ግን ሬሳ የለ፣ ምስክር የለ። በእድራችን ሕግ አንድ ስም ከዝርዝር የሚወጣው የቤቱ ባለቤት በእድሩ ዳኛ ፊት ቆሞ «ሞቷል፣ ይውጣ» ሲል ብቻ ነው። እማ ለሰባት ዓመት አላለችም። ሰው እንዲያጽናናትም አትፈቅድም፤ ሊያለቅስላት የመጣን ሁሉ በበርበሬ እያስነጠሰች ትመልሳለች።

የእድሩን ዶሜይን ስከፍት መጀመሪያ የጻፍኩት ስም የሱ ነበር። እማ ናት ያለችኝ። «የትም ሆኖ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ስሙን ቢጽፍ፣ ስልኬን ያግኝ» አለች። ጻፍኩላት። የስልክ ቁጥሯንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀይራ አታውቅም።

ባለፈው ኅዳር ዋናውን ስም የማሳደሻ ጊዜ ደርሶ የሰርቨሩን መዝገብ አነብ ነበር። መዝገቡ ማን የትኛውን ስም በስንት ሰዓት እንደጠራ መስመር በመስመር ይጽፋል። ብዙው የተለመደ ነው። ከመካከሉ ግን ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ አንድ ሰከንድ ሳያልፍ፣ የሚመጣ ጥሪ አየሁ። ሀያቱ። በማግስቱም በስድስት ሰዓት ሀያቱ። በሦስተኛውም ቀን። ከዚያ ጸጥ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መሊካ፣ ሦስት ቀን። ከዚያ ነስረዲን፣ ሦስት ቀን። ኮከቡ ለሁሉም ቶሎ ቶሎ መልሷል። ጠሪው አንድም ቀን ገጽ ከፍቶ አያውቅም፤ ስሙን ይጠራል፣ መልሱን ይወስዳል፣ ይሄዳል። የጠሪው አድራሻ በሚጻፍበት ቦታ ደግሞ ያለው ዜሮ ብቻ ነበር። በዚህ ሥራ ዜሮ ማለት የትም ያልሆነ ቦታ ነው። ከዚያ ጥያቄ አይመጣም፤ ወደዚያም መልስ አይደርስም። መዝገቡ ግን ደርሷል ይላል።

ብልሽት ነው ብዬ፣ የስሞቹን ባለቤቶች ላጣራ ወደ ጋሼ ሐምዱ ሄድኩ። ስሞቹን ስነግራቸው መሳቢያቸውን ስበው የቀብር ደብተራቸውን አወጡ።

«ቀኑን ንገሪኝ፤ ሦስተኛውን ቀን ብቻ» አሉ።

እኔ ከስልኬ አነባለሁ፣ እሳቸው በጣታቸው ደብተሩ ላይ ይከተላሉ። ጋሼ ሀያቱ፣ የወፍጮው ባለቤት፣ በሦስተኛው ቀን ከዙሁር በኋላ። እትዬ መሊካ፣ በሦስተኛው ቀን። ነስረዲን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ምሳውን በልቶ ጋደም እንዳለ ቀረ። እሱም በሦስተኛው ቀን።

«አራት መቶ ሠላሳ ቤት ውስጥ ሰው አይሞትም እንዴ?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ስፈራ እጮኻለሁ፤ ልማዴ ነው።

«ይሞታል» አሉ፤ ደብተሩን ዘጉት።

ለሳቸው ደስ ይበላቸው ብዬ ነው አልኩ እንጂ፣ ቢሮ ስደርስ ኮከቡን ለማጥፋት እጄ ተጣድፎ ነበር። የየቤቱን ገጽ እንደ ድሮው ደብተር በእድር ቁጥር እንዲከፈት አደረግሁ። ቁጥርን ማን በቀትር ይጠራል? ከእንግዲህ የሰው ስም የጠራ ሁሉ መልስ አያገኝም። እድርተኛው ለአንድ ሳምንት ነዘነዘኝ። ቻልኩት።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ መዝገቡን ከፈትኩ።

ሰኞ፣ ስድስት ሰዓት፦ ፉርቃን። መልስ ተሰጥቷል።

ማክሰኞ፣ ስድስት ሰዓት፦ ፉርቃን። መልስ ተሰጥቷል።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር፤ እውነቱን ልናገር። ስሙን ጻፈ፣ ወንድሜ የሆነ ቦታ ሆኖ ስሙን ጻፈ ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ። ከዚያ ዜሮዎቹን አየሁ። የሱ ስም ከኮከቡ በፊት በገዛ እጄ ለብቻው የጻፍኩት ስለነበር፣ ኮከቡ ሲጠፋ እሱ አልጠፋም። ሁለት ቀን አቤት ሲል ቆይቷል። ነገ ሦስተኛው ነው።

ጋሼ ሐምዱ ጋ ሮጥኩ። ሲሰሙ ያልጠበቅሁትን ተናገሩ።

«ነስረዲን ሲጠራ በሕይወት ነበር። መሊካም፣ ሀያቱም። ያኛው የሞተ ሰው አይጠራም፤ ምን ያደርግለታል?»

«እና?»

«እና ወንድምሽ እስከ ዛሬ ቀትር ድረስ በሕይወት አለ ማለት ነዋ!» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

እኔ አላለቀስኩም። ሰባት ዓመት ሙሉ የወንድሜን መኖር የሚነግረኝ አንድ ነገር እየለመንኩ ኖርኩ። ሲመጣ እንዲህ ሆኖ መጣ። «ስሙን ላጥፋው» አልኩ።

«ያለ እናትሽ ቃል አይሆንም። ሕጉን ታውቂዋለሽ» አሉኝ።

ያን ቀን እማ ወሎ፣ መርሳ ደርሳ እየተመለሰች ነበር፤ ስልኳም መንገድ ላይ አልሠራ አለ። ሌሊት ቤት ደርሳ ሳትነግረኝ ተኝታ፣ ጠዋት ጋሼ ሐምዱ ቀድመውኝ ነግረዋታል። እኔ በረንዳ የደረስኩት አራት ሰዓት ሲሆን ነው፤ ላፕቶፔን አቅፌ፣ እያስነጠሰኝ። እማ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ዛላ ትለቅማለች። ፊቷ እንደዚያ በርቶ ያየሁት ፉርቃን ከመሄዱ በፊት ነው።

«አልኳችሁ!» አለች። «ሰባት ዓመት አለ አልኳችሁ፤ እንደ እብድ ቆጠራችሁኝ!»

«እማ፣ ስሙን ላጥፋው። ስድስት ሰዓት ሳይደርስ። አንድ ቃል ብቻ በዪ፣ ጋሼ ሐምዱ ዳኛው ባይኖርም ይበቃኛል ብለዋል።»

«ምን ብዬ?»

«ይውጣ በዪ።»

«ሕጉ ሞቷል፣ ይውጣ ነው የሚለው። በዚህ አፌ? አለ በተባለ ማግስት?» ዛላውን ሰበር አደረገችው። «ደግሞስ ቢፈልገንስ? ስሙን ጽፎ ቢያጣውስ? አይሆንም።»

«ካልጠፋ እኮ አቤት ይላል!» ጮህኩ። ካሚላ ከጎን ቀና አለች።

እማ እጇን በመቀነቷ ጠረገች፤ ቀስ ብላ፣ ጣት በጣት።

«ሶማሌ ተራ የነበረው ሰውዬ ሱቁን ሲያዛውር ምን አደረግሽለት?»

«የድሮውን ስም ወደ አዲሱ አዞርኩለት።»

«ምን ማለት ነው እሱ?»

«ሰው የድሮውን ስም ሲጠራ ሰርቨሩ የለም አይልም፤ እሱን ስትፈልግ እዚያ ጠይቅ ብሎ አዲሱን ስም ይሰጠዋል።»

«በቃ» አለች። «ፉርቃንን ወደ እኔ አዙሪው።»

ቶሎ አልገባኝም። ሲገባኝ ላፕቶፑን ዘጋሁት።

«በስሜ» አለች፤ «በቁጥር አይደለም። ምስራ ብለሽ ጻፊ። እሱ ሲጠራ እኔ አለሁለት።»

«አላደርገውም።»

«አንቺ በዚህ ነገር አታምኚም አይደል?»

«አላምንም!»

«እንግዲያው ምን ቸገረሽ?»

ካላመንኩ ሁለት መስመር ጽሑፍ ነው፤ የአንዲት ባልቴት ልብ ማሳረፊያ። ካመንኩ ደግሞ... የማላምን ከሆነ ላፕቶፑን ለምን ዘጋሁት? ሰዓቱ አምስት ሊሆን ነው። ካሚላ ወሬውን ሳታውቅ «ኧረ ለናትሽ እሺ በያት፤ የልጅ ነገር ሆኖባት ነው» አለችኝ።

እዚህ ላይ ለማንም ያልተናገርኩትን ልናገር። ወደ ራሴ ስም ላዙረው እችል ነበር። እማ ማንበብ አትችልም፤ ምስራ ነው ብዬ ራዲያ ብጽፍ አታውቅም ነበር። አሰብኩትም። የመጀመሪያዋን ፊደል ጻፍኩ። ከዚያ አጠፋኋትና ምስራ ብዬ ጻፍኩ። በማላምነው ነገር፣ የራሴን ስም መጻፍ አልቻልኩም።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ጨረስኩ። ሁለት መስመር፦ ምስራ ወደ ቤታችን ገጽ፤ ፉርቃን ወደ ምስራ። እማ ስክሪኑን በጣቷ ነካችው። «የቱ ነው የሱ?» አለች። አሳየኋት። ስክሪኑ ላይ ቀይ የጣት አሻራ ቀረ። ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ለአንዲት ደንበኛ ሁለት ኪሎ መዘነች፣ ለሌላው ስለ ዘንድሮው ዛላ ክፋት አማረረች። እኔ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሰዓት እቆጥራለሁ። ፀሐዩ በቆርቆሮው ቀዳዳ በቀጥታ ወረደ። ቀትር ላይ በረንዳ ውስጥ ጥላ የለም፤ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ይገባል።

ስድስት ሰዓት ሆነ። መዝገቡ አንድ መስመር ጻፈ።

ፉርቃን። መልስ ተሰጥቷል፦ ምስራን ጠይቅ።

ከሥሩ ሁለተኛው ወዲያው ወጣ።

ምስራ።

«አቤት!»

ቀና አልኩ። እማ ሚዛኑን በእጇ እንደያዘች ወደ መተላለፊያው ዞራ ነበር፤ ያን ጩኸት ሁሉ የሚያሸንፈውን የገበያ ድምፅዋን አሰምታ። መተላለፊያው ላይ ወደኛ የዞረ አንድም ሰው አልነበረም። ተሸካሚው ያልፋል፣ ገዢው ይከራከራል።

«ምስራ፣ ማን ጠራሽ?» አለች ካሚላ።

«ጠርተውኛል» አለች እማ። ሚዛኑን አስቀመጠች። ፊቷ አልተለወጠም። «ደከም አለኝ። ጋደም ልበል እስቲ። ካሚላ፣ ሱቁን።»

«አለሁልሽ» አለች ካሚላ።

ጆንያዎቹ ላይ ጋደም አለች፤ ሻሿን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ። እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። እጇ ሞቆ ነበር፤ ስለዚህ አመንኩ፣ ማለቴ አለማመኔን አመንኩ። ለዙሁር አዛን ሲባል ልቀሰቅሳት አልኩ። አልነቃችም።

ሐሙስ ጠዋት ቀበርናት። ድንኳኑን የተከልነው እኛ ነን፤ ጥያቄውን በሷ ገጽ ላይ ያስገባሁት እኔው ነኝ። ሰው መጣ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ካሚላ መሬት ላይ ተቀምጣ «አለሁልሽ ብያት፣ አለሁልሽ ብያት» ትላለች። ጋሼ ሐምዱ ከጎኔ ነበሩ። አላዩኝም፤ እኔም አላየኋቸውም።

ቀትር ሲሆን ስልክ ጠራ። የእማ ስልክ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ በቦርሳዬ ይዤው ነበር። ቁጥሩ የውጭ ነው። እጄን ስሰድ ጋሼ ሐምዱ ክንዴን ያዙኝ።

«ተዪው» አሉ በሹክሹክታ።

ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። እንደገና ጠራ። ቆመ። ክንዴን እንደያዙ ናቸው። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለት። እንደገና ጠራ።

ጋሼ ሐምዱ ክንዴን ለቀቁኝ።

«አቤት» አልኩ።

«እማ?»

የወንድ ድምፅ ነው፤ ጎርነን ያለ፣ የደከመ። ግን «እማ» የሚልበትን አነጋገር የትም ብሰማው አውቀዋለሁ።

«ፉርቃን... ራዲያ ነኝ።»

አለቀሰ። ከዚያ ተቻኩሎ ያወራ ጀመር፤ ስልኩ የነርስ ነው፣ መመለስ አለበት። ብዙ ዓመት ታስሮ ነበር፣ ስልክ አያገኝም ነበር፣ ታሞ ሐኪም ቤት አመጡት፣ ይሞታል ብለው ሰውነቱን ሸፍነው ነበር።

«ሰው ይጠራኝ ነበር ራዲያ፤ ሰኞም ማክሰኞም፣ በስሜ። ልሂድ ልሂድ ይለኛል። ትናንት ቀትር ላይ እንደገና ጠራኝ፤ አቤት ልል አፌን ስከፍት እማ ቀደመችኝ። ድምፅዋን ሰማሁት እኮ፤ ያን የበረንዳ ድምፅዋን! ከዚያ ትኩሳቱ ለቀቀኝ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ስልኳን ለምን አንቺ አነሳሽው? የት ሄዳ ነው?»

ካሚላ ከመሬት ቀና ብላ ታየኛለች። ጋሼ ሐምዱ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«እኔ አለሁላት» አልኩት።